ባሩድ ሲያንስ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በአሜሪካ መንግሥት መጋዘኖች ጠያቂ ያጣ ባሩድ ተከምሮ ቀረ። ከእነዚህ አንዱ 4895 የሚል ቁጥር የተሰጠው፣ ለእግረኛ ወታደሩ ጠብመንጃ ጥይት መሙያ የተሠራ ባሩድ ነበር። የካንሳስ ነዋሪው ብሩስ ሆጅደን የሕይወት መድኑን አስይዞ ተበደረና ከዚህ ባሩድ በብዛት ገዛ። ማስቀመጫ ስላልነበረው ያረጀ የባቡር ፉርጎ ተከራይቶት በነበረ የግጦሽ መሬት ላይ አቁሞ መጋዘን አደረገው፤ ጥይታቸውን ቤታቸው ለሚሞሉ አዳኞችና ኢላማ ተኳሾችም ይቸረችር ጀመር። ስሙን የያዘው ኩባንያ ዛሬ ከአገሪቱ ትልልቅ የባሩድ ሻጮች አንዱ ሲሆን ኤች 4895 የሚባለው ባሩድም አሁን ድረስ ገበያ ላይ አለ።

ይህ ባሩድ አንድ ለየት ያለ ጠባይ አለው፤ መጠኑ ሲቀነስበት አያኮርፍም። ኩባንያው ራሱ ያወጣው መመሪያ እንደሚለው፣ የባሩድ መጠን የሚነግረው የሙሌት መጽሐፍ ለአንድ ጥይት ኤች 4895ን በዝርዝሩ ካስገባ፣ እዚያ የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን በ60 በመቶ አባዝቶ ቀለል ያለ ጥይት መሥራት ይቻላል። መጽሐፉ ጣሪያው 50 ግሬን ነው ቢል፣ 30 ግሬን ድረስ መውረድ ይቻላል ማለት ነው። ግሬን የጥይት ሞዪዎች ሚዛን ነው፤ አንድ ፓውንድ ውስጥ 7,000 ግሬን አለ፣ 30 ግሬን ደግሞ ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። ኩባንያው እነዚህን ሙሌቶች ያወጣቸው በዋናነት ወጣት ተኳሾችን አስቦ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው አንድ ሰው ይህን መመሪያ ከጓደኛው ሰምቶ፣ የባሩዱን ስም ረስቶ፣ “60 በመቶ” የምትለዋን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ነው።

ጉልበቱ የተቀነሰ ጥይት ለምን ይፈለጋል? ሰርቲ-ኦት-ሲክስ የሚባለውንና ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካውያን የሚያውቁትን ጥይት እንውሰድ። ወደ አሥር ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 880 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል፤ የዚህ ዋጋ ደግሞ ትከሻ ላይ የሚያርፍ ብርቱ እርግጫ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በዚህ ጥይት ተኩስ ቢጀምር ከሁለተኛው ተኩስ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፤ ያን ልማድ ማስጣል ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ትከሻው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሽማግሌም፣ የመቶ ዓመት ጠብመንጃ ወርሶ ሙሉ ጉልበት ያለው ጥይት ሊያጎርሰው የማይደፍር ሰብሳቢም ይኸንኑ ይፈልጋሉ። ወጪ ለመቀነስ እርሳስ አቅልጦ የራሱን አረር የሚያወጣም አለ። የአሜሪካ ጦር ራሱ ሰው በሚበዛበት ቦታ ለሚቆሙ ዘቦች ጉልበቱ የተቀነሰ የጥበቃ ጥይት አሠርቶ ያውቃል።

ሁሉም የሚነሱት ከአንድ ግምት ነው፤ ባሩድ ካነሰ አደጋም ያንሳል የሚል። ግምቱ በጥቁር ባሩድ ዘመን ቢነገር ብዙ አያስነቅፍም ነበር።

በአድዋ ዘመን በኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት ጠብመንጃዎች ስሙ የገነነው ውጅግራ የጥቁር ባሩድ ልጅ ነው። የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጠብመንጃ ሲሆን፣ ጥይቱ 5.25 ግራም ባሩድ ይዞ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር ይገፋ ነበር። ያ ጥይት በየገበያው እንደ ገንዘብ ሲዘዋወር መኖሩም የታወቀ ነው። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ከታች እስከ አረሩ ቂጥ ድረስ ይሞላዋል፤ ባዶ ቦታ አይተውም። አነዳዱም በዙሪያው ባለው ግፊት ብዙ አይለዋወጥም። ለዚህ ነው ሞዪው በአንድ መስፈሪያ ስህተት ሲሠራ ቅጣቱ በአብዛኛው ጭስና ውርደት የሚሆነው።

ጭስ አልባው ባሩድ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 እ.ኤ.አ. ሠራው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሌበል የተባለው ጠብመንጃ ይዞት ወጣ። የዚህ ባሩድ አነዳድ ከግፊት ጋር አብሮ ይፈጥናል፦ ጋዙ ሲታመቅ እሳቱ ይበረታል፣ እሳቱ ሲበረታ ጋዙ ይበዛል። ወናፉን እሳቱ ራሱ የሚነፋበት የቀጥቃጭ ምድጃ ቢኖር ይህን ይመስላል። በሰርቲ-ኦት-ሲክስ ቀለህ ውስጥ የሚፈቀደው ጣሪያ 60,000 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ በዙሪያችን ካለው የአየር ግፊት ከ4,000 እጥፍ በላይ። ባሩድ ሠሪዎች ይህን እሳት ለመግራት ፍሬዎቹን በመጠን፣ በቅርጽና በሽፋን ይለያዩዋቸዋል። ለሽጉጥ የሚሆነው ፈጣን ነው፤ ትልቅ ቀለህና ረጅም በርሜል ላለው ጠብመንጃ የሚሆነው ዘገምተኛ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደነግጠው የዘገምተኛው ጉዳይ ነው። ዘገምተኛ ባሩድ በትልቅ ቀለህ ውስጥ ከሚገባው በታች ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ጠብመንጃውን የሚያፈነዳ ግፊት ይፈጠራል። በሙሉ መጠን ሰላማዊ የነበረው ባሩድ በግማሹ ብረት ይሰነጥቃል። ነገሩ የሚገጥመው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ በላቦራቶሪ ሆን ብለው ሊደግሙት የሞከሩ ባለሙያዎችም ብዙ ጊዜ አልቀናቸውም። ለዚህም ነው ስለ መነሻው የሚሰጠው ማብራሪያ ከአንድ በላይ የሆነው።

አንደኛው ማብራሪያ ቀለሁን አግድም አስተኝቶ ያያል። ግማሽ የሞላ ቀለህ ሲተኛ ባሩዱ ከታች ይነጠፋል፣ ከላይ ባዶ ይሆናል፤ በቀለሁ ቂጥ ከተገጠመችው ማቀጣጠያ የሚወጣው እሳት በፍሬዎቹ መካከል ከመግባት ይልቅ በላያቸው ጠራርጎ ያልፍና ሁሉንም ባንዴ ይለኩሳቸዋል። ሁለተኛው የሚመለከተው አረሩን ነው። ማቀጣጠያዋና መጀመሪያ የነደደው ጥቂት ባሩድ አረሩን ከቀለሁ ያስወጡትና የበርሜሉ ጥምዝ ቦይ ከሚጀምርበት ያደርሱታል። እዚያ ይቆማል፤ ጉልበት አላገኘምና። ከኋላው ያለው ባሩድ ዘግይቶ ሲቀጣጠል አረሩ እንደ ውታፍ ሆኖ ይጠብቀዋል። ብዙ ሞዪዎች የሚያደሉት ወደዚህ ነው፤ ጠብመንጃው በርሜሉ ተደፍኖ እንደተተኮሰ ሆኖ የሚገኝበትን ምክንያት ከሌላው በተሻለ ያስረዳልና።

ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ የሚያስከትለው ደንብ አንድ ነው። የሙሌት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ባሩድ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ መነሻና ጣሪያ። ጀማሪ ጣሪያውን ይፈራል፣ መነሻውን ግን ለፈሪዎች የተጻፈ አድርጎ ያየዋል። በዘገምተኛ ባሩድ መነሻው ወለል ነው፤ ከሱ በታች የተሞከረ ነገር የለም። ኤች 110 እና ደብሊው 296 የሚባሉት፣ በተለይ ለማግነም ሽጉጥ ጥይት የሚመረጡት ባሩዶች፣ ከተሰጣቸው መጠን ከ3 በመቶ በላይ እንዳይቀነሱ ሻጩ በግልጽ ያስጠነቅቃል። አንዱ ባሩድ 40 በመቶ ሲቀነስበት ዝም ይላል፣ ሌላው 3 በመቶ አይችልም። “ትንሽ ቀንስበት” የሚለው የጓደኛ ምክር ዋጋ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

የስም መመሳሰልም ያሳስታል። ኤች 4895 እና አይ.ኤም.አር. 4895 ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ባሩዶቹ ግን አንድ አይደሉም። የ60 በመቶው መመሪያ የወጣው ለመጀመሪያው ነው።

ታዲያ ቀለል ያለ ጥይት የሚፈልግ ሰው በጥቅሉ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከላይ የተነገረው ኤች 4895 ነው። ሌላው በፈጣን ባሩድ በትንሹ መሙላት ነው፤ ፈጣን ባሩድ በዝቅተኛ ግፊትም በቀላሉ ይነዳልና የዘገምተኛው ዓይነት ፍርሃት የለበትም። ግን የራሱን መዘዝ ይዞ ይመጣል። የሰርቲ-ኦት-ሲክስ ቀለህ ሰፊ ነው። አሥር ግሬን ያህል የሽጉጥ ባሩድ ቢገባበት የሚይዘው ሩቡን ብቻ ነው። ሞዪው ስልክ ሊያነሳ ዞር ብሎ ሲመለስ የሞላውን ቀለህ ደግሞ ቢሞላው፣ ባሩዱ አይፈስም፣ አረሩ በልኩ ይገጠማል፣ ጥይቱ ከሌላው በምንም አይለይም። ሦስተኛ ጊዜ ቢደግመውም ቦታ አለ።

በዚህ ሥራ ከሚደርሱ ስህተቶች ሁሉ ይህ እጅግ የሚያስፈራው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መከላከያውም የሚያናድድ ያህል ቀላል ነው። ባዶ ቀለሆች አፋቸውን ወደ ታች ደፍተው ባለ ቀዳዳው የእንጨት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ይነሳል፣ ባሩዱ ተመዝኖ ይገባበታል፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ወደ ሌላው መደርደሪያ ይሻገራል። ሁሉም ካለቀ በኋላ አረር ከመገጠሙ በፊት በባትሪ መብራት እያንዳንዱ ቀለህ ውስጥ ይታያል፤ የባሩዱ ከፍታ በሁሉም እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ እንደገና ይመዘናል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የባሩድ ዕቃ ብቻ ይቀመጣል፤ ሲያልቅ የተረፈው ወደ ራሱ ዕቃ ይመለሳል እንጂ በመስፈሪያው ውስጥ አያድርም። ጥቁር ግራጫ ፍሬዎችን በዓይን አይቶ ይህ እገሌ ነው የሚል ባለሙያ የለም፤ አለሁ የሚል ካለ ከጠረጴዛው መራቅ ይሻላል። ቴሌቪዥን ይጠፋል። ቢራው ለማታ ይቆያል።

የሁለቴ ሙሌትን ችግር ከሥሩ ለመፍታት የሞከረ ባሩድም ነበር። ትሬይል ቦስ ይባላል፤ ፍሬዎቹ መሐላቸው ቀዳዳ የሆነ ትንንሽ ቀለበቶች ናቸው። በጥንት የላም ጠባቂዎች ዘይቤ ለሚወዳደሩ ተኳሾች ተብሎ ተሠራ፤ በክብደቱ ቀላል፣ በስፋቱ ግን ቀለሁን የሚሞላ። ሁለቴ ልሙላው የሚል ሰው ባሩዱ ጠረጴዛው ላይ ይፈስበታል። የአምራቹ መመሪያም ሌላ ባሩድ ላይ የማይሠራ ነበር፦ ቀለሁን አረሩ ቂጥ እስከሚደርስበት ድረስ ሞልቶ መመዘን፣ ያንን እንደ ጣሪያ፣ 70 በመቶውን እንደ መነሻ መውሰድ፣ ፈጽሞ አለማመቅ። ባለፉት ዓመታት ከመደብር በመጥፋቱ ያዘኑ ሽማግሌ ተኳሾች ብዙ ናቸው፤ የያዙትንም ቆርሰው ነው የሚጠቀሙት።

ባሩዱ እጅግ ሲያንስ ደግሞ አረሩ ሳይወጣ በርሜል ውስጥ ይቀራል። ቀለሁ ጨርሶ ባሩድ ባይኖረው እንኳ ማቀጣጠያዋ ብቻዋን አረሩን ጥምዝ ቦዩ ውስጥ ልትሰነቅረው ትችላለች። ተኳሹ የሚሰማው ደካማ ድምፅ ነው፤ እርግጫውም የለም። ሰው በችኮላ መቀርቀሪያውን ስቦ ሌላ ቢያጎርስና ቃታውን ቢስብ፣ ሁለተኛው አረር የመጀመሪያውን ሲገናኝ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይቀደዳል። የተለየ ድምፅ የሰማ ሰው ተኩሱን ያቆማል፣ ጠብመንጃውን ያራግፋል፣ መቀርቀሪያውን አውጥቶ በርሜሉን ከኋላ ወደ ብርሃን ያያል፤ ካልታየው በዘንግ ይለካል። ቃታው ተስቦ ምንም ድምፅ ካልወጣም አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሳ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለና።

በመዳብ የተለበጠ አረር ከርሳስ ይልቅ በበርሜል ውስጥ ስለሚፈጋ የመሰንቀር ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ በጣም ዝቅ ማለት የሚፈልጉ ሰዎች ቀልጦ ወደ ወጣ የእርሳስ አረር ይዞራሉ። ዘዴው አዲስ አይደለም። በኮነቲከት የነበረው አይዲያል የተባለ ፋብሪካ ገና በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለእነዚህ ሰዎች ቅርጽ ማውጫና የሙሌት መጽሐፍ ያቀርብ ነበር፤ በ1925 እ.ኤ.አ. ላይማን ገዛውና መጽሐፉ በላይማን ስም ቀጠለ። ትኩስ ጋዝ እርሳሱን ከቂጡ እንዳያቀልጠው ትንሽ የመዳብ ኩባያ የሚጫማ አረርም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው። እንዲህ ያለው አረር በሰከንድ ከ430 እስከ 550 ሜትር ሲሄድ ትከሻም ጠብመንጃም ያርፋሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በሙሉ ጉልበት ሲተኮስ ግፊቱ ቀለሁን ወደ ኋላ፣ ወደ መቀርቀሪያው ፊት ይገፋዋል። በቀላል ሙሌት ግን ያ ግፊት የለም፤ በማቀጣጠያዋ ላይ የሚያርፈው የመርፌው ምትና ፍንዳታዋ ቀለሁን ወደ ፊት ይመቱታል፤ ቀለሁ ወደ አንገቱ የሚጠብበት ትከሻው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀለሁ እያጠረ ይሄዳል ማለት ነው። ለቀላል ጥይት ይህ እምብዛም አይጎዳም። ያው ቀለህ ነገ በሙሉ ጉልበት ቢሞላ ግን፣ ባጠረበት ልክ በድንገት ተለጥጦ ከቂጡ አካባቢ ሊበጠስና ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ለቀላል ጥይት የተመደቡ ቀለሆች ተለይተው በሌላ ሣጥን ይቀመጣሉ፤ ወደ ሌላው ሥራ አይመለሱም። አንዳንዶች የእሳቱን መግቢያ ቀዳዳ፣ በመደበኛው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውን፣ አስፍተው ግፊያውን ያበርዱታል፤ እንዲህ የተደረገለት ቀለህ ደግሞ ለሙሉ ሙሌት ጨርሶ የተከለከለ ነውና ምልክት ሳይደረግበት ከእጅ መውጣት የለበትም።

ምልክት ማድረግ በዚህ ሙያ ጥንታዊ ጥበብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የሠሩት ለቅርብ ርቀት የታሰበ ደካማ ጥይት አረንጓዴ ቀለም ይቀባ ነበር፤ ወታደሩ ከተራው እንዳያምታታው። የቤት ሞዪም ሣጥኑ ላይ የባሩዱን ስምና መጠን፣ የአረሩን ክብደት፣ የማቀጣጠያውን ዓይነትና ቀኑን ይጽፋል።

ባዶውን ቦታ በጥጥ፣ በሰው ሠራሽ ጭረት ወይም በገንፎ እህል የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ ባሩዱ ከማቀጣጠያዋ አጠገብ እንዲቆይ ብለው። እዚህ ላይ አዋቂዎች አይስማሙም። የሚታወቀው ግን ባሩዱ ላይ ተጭኖ ከአረሩ ጋር የአየር ክፍተት የተወለት ውታፍ ወደፊት ተወርውሮ የአረሩን ቂጥ ሲመታ፣ የጥይት ማረፊያው ግድግዳ ላይ ቀለበት የመሰለ እብጠት ሊያወጣ እንደሚችል ነው። ያ ቀለበት ቀለህ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ጠብመንጃውም ሌላ በርሜል ያስፈልገዋል። መጽሐፉ ሙላ ካላለ አለመሙላት ይመረጣል። በምትኩ አፈሙዙን ትንሽ ቀና አድርጎ ባሩዱን ወደ ማቀጣጠያዋ ማውረድና በእርጋታ አነጣጥሮ መተኮስ በፍጥነት መለኪያው ላይ ልዩነት ያሳያል፤ ክሮኖግራፍ የሚባለውን መሣሪያ የያዘ ሰው ከተኩስ ተኩስ ፍጥነቱ ሲዋዥቅ ካየ ሙሌቱ እንደማያስተማምን በቁጥር ይነገረዋል።

ዝቅተኛ ግፊት ቀለሁን ከማረፊያው ግድግዳ ጋር በደንብ አያጣብቀውም፤ አንገቱ ላይ ጥላሸት ይታያል፣ ጥቂት ጋዝም ወደ ኋላ ያመልጣል። የዓይን መነጽር ለቀላል ጥይት አያስፈልግም የሚል ሰው ይህን ያልተመለከተ ነው። በራሳቸው የሚያጎርሱ ጠብመንጃዎችም ከዚህ ሥራ ውጭ ናቸው፤ ቀላል ጥይት መቀርቀሪያቸውን ለማንቀሳቀስ ኃይል አያገኝም። እርሳስ የነካ እጅ ሳይታጠብ ምግብ አይነካም፣ ማቅለጫው አየር በሚገባበት ይሠራል፣ ልጆችም ከጠረጴዛው ይርቃሉ።

አረሩ ዘገምተኛ ሆነ ማለት ቅርብ ይወድቃል ማለትም አይደለም። ልጆች የሚማሩባት ትንሿ የ.22 ጥይት እንኳ ሣጥኗ ላይ እስከ አንድ ማይል ተኩል፣ ማለትም 2.4 ኪሎ ሜትር ድረስ አደገኛ መሆኗ ይጻፋል። እርሳስ ደግሞ በዝቅተኛ ፍጥነት ድንጋይ ሲመታ ከመበታተን ይልቅ ነጥሮ የመሄድ ጠባይ አለው። ከኢላማው ጀርባ በቂ የአፈር ክምር ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና የጥይት ነገር የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለሆነ እንዲህ ያለው የቤት ሙያ እንደ አሜሪካው በየጋራዡ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ ግን አንድ ሽማግሌ ሲሞት ልጆቹ ምድር ቤት ውስጥ ጽሑፉ የደበዘዘ የጥይት ሣጥን ያገኛሉ፤ ወይም በጠብመንጃ ትርዒት ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለው በርካሽ ይሸጣል። ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አለመተኮስ በየተኩስ ክበቡ የታወቀ ደንብ ነው። ውስጡ 30 ግሬን ኤች 4895 ይሁን፣ ሁለቴ የገባ የሽጉጥ ባሩድ፣ ወይም ባዶ፣ ከውጭ አይታወቅም። አረሩ በመዶሻ መሰል መንቀያ አንድ በአንድ ይነቀላል፤ ባሩዱ ምንም ቢመስል ይጣላል፣ ቀለሁና አረሩ ግን ተመርምረው ለሥራ ይመለሳሉ።